የዜና አንባቢዋ ቀለም

«ትንሽ ጠቆር አድርጊያት» አለ የቴሌቪዥን ጣቢያው ምክትል ሥራ አስኪያጅ።

ከቁንጫ ወንበር ጀርባ ቆሞ በእስክሪብቶው ጫፍ ስክሪኑን እየነካ ነበር። የነካው የአክስቷን ጉንጭ ነው። አክስቷ ከሞተች ገና ሦስት ቀኗ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ የዜና ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀልድ ተናግራ ሰው እስኪገባው እንደምትጠብቅ ሴት ትታያለች።

ቁንጫ ማውሱን ጨበጠችው እንጂ አላንቀሳቀሰችውም። ቁንጫ የመዝገብ ስሟ አይደለም። በአራት ዓመቷ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስላልሆነላት አክስቷ ያወጣችላት ስም ነው። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ በአባቷ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ለሰዓታት ሳትነቃነቅ ትቀመጣለች። ስሙ ግን እንደተጣበቀባት ቀረ።

«ሰምተሽኛል የኔ ልጅ?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ዓይኑ ቀልቶ አብጧል፤ ሸሚዙን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የቀየረው አይመስልም። አክስቷን ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ያመጣት፣ አለቆቹ «ተመልካች አይቀበላትም» ሲሉት ጠረጴዛ ደብድቦ የተከራከረላት እሱ ነው። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በጣቢያው አዳራሽ የመታሰቢያ ዝግጅት ተሰናድቷል። ከመድረኩ ጀርባ የሚሰቀለው ባነር አራት ሜትር ቁመት አለው፤ ከፎቶው ሥር «የአገራችን ልጅ፣ የአገራችን ድምፅ» የሚል ይጻፍበታል።

«ለሷ ብዬ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሰው ማውራት ጀምሯል፤ ለአንዲት ክልስ ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ምንድን ነው የሚል አልጠፋም፤ በሕይወት እያለች ዕረፍት የነሷት ሰዎች ከሞተች በኋላ እንኳ አፋቸውን ይሰብስቡላት ብሎ ነው። «የኛ መሆኗን አይተው ዝም እንዲሉ ነው። ያንን ፊት አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ነጣ ብሎ ቢያዩት…» አለና የተናገረውን ገና አሁን እንደሰማ ሰው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

አባቷ ከትልቁ ፕሪንተር ሥር ተንበርክኮ የተደፈነ የቀለም ቱቦ እያጸዳ ነበር። ሳይነሳ፣ ናሙና እናወጣለን፣ አይተው ይፈርማሉ አለ። ለሁሉም ደንበኛ የሚለው ይሄንኑ ነው። ምክትል ሥራ አስኪያጁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

ማተሚያ ቤቱ አንድ ሕግ አለው። ስክሪን ውሸታም ነው፤ ስክሪን ላይ ብርቱካን የመሰለው ወረቀት ላይ ሸክላ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ትልቁ ከመታተሙ በፊት መዳፍ የምታክል ናሙና ትታተማለች፣ ደንበኛው በር ላይ ወጥቶ በፀሐይ ያያታል፣ ከወደዳት ጀርባዋ ላይ ይፈርማል። የተፈረመባቸው ናሙናዎች ግድግዳው ላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ ተሰክተው ይቀመጣሉ። በኋላ «እኔ ያዘዝኩት እንዲህ አልነበረም» የሚል ሲመጣ አባቷ ምንም ሳይናገር ወደ ሽቦው ይሄዳል።

ቁንጫ ሦስት ቀን ሙሉ ወደዚያ ሽቦ ላለማየት ስትታገል ነው የቆየችው።

አክስቷ የእናቷ ታናሽ ናት። እናታቸው አንድ፣ አባታቸው ሁለት። የአክስቷ አባት ድልድይ ሊሠራ የመጣ ነጭ መሐንዲስ ነበር፤ ድልድዩ ሲያልቅ ሄደ፣ ልጅ መወለዷን ይወቅ አይወቅ ማንም አያውቅም። ድልድዩ እስከዛሬ አለ። አክስቷ በመኪና ባለፈችበት ቁጥር መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «አባቴ ይኸው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ምን ጎደለኝ» ትል ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት በሬዲዮ ዜና ስታነብ ሰው የሚያውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው። አውቶቡስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ጋራዥ፣ የዜና ሰዓት ሲደርስ «እስቲ ዝም በሉ፣ እህታችን ልታነብ ነው» ይባላል። በቴሌቪዥን የታየች ቀን ግን የጣቢያው ስልክ ሲጮህ አመሸ። ድምፁ የእህታችን ነው፣ ፊቱ የማን ነው? አንዳንዱ ጭራሽ ድምፅዋን ሰርቃ የመጣች ይመስል ተቆጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ አየር ጠባይ ሆነ። የዓመቱ ምርጥ ጋዜጠኛ ስትባል ጋዜጦቹ «የአገር ኩራት» አሏት። የሁለት ከተሞችን ስም አቀያይራ ያነበበች ጊዜ ደግሞ «ክልሷ አንባቢ አገሯን አታውቅም» የሚል ርዕስ ወጣ። በሳምንቱ አብሯት የሚያነበው ሰው የባሰ ተሳሳተ፤ የሱ የምላስ ወለምታ ተባለ። ክልስ የምትለዋ ቃል ስትሸለም ትደበቃለች፣ ስትሳሳት ከተደበቀችበት ትወጣለች።

አንድ ጊዜ ጣቢያው ለሥልጠና ወደ መሐንዲሱ አባቷ አገር ላካት። ስትመለስ እራት ላይ እንዴት ነበር ብለው ጠየቋት። እዚያ ደግሞ በየስብሰባው «ጥቁሯ ጋዜጠኛ» እያሉ ሲያስተዋውቋት ከረሙ።

«እዚህ ነጭ ነኝ፣ እዚያ ጥቁር ነኝ» አለች ዳቦዋን እየቆረሰች። «ያረፍኩት አውሮፕላኑ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ወንበር ቁጥር አሥራ ሁለት ኤፍ ነበርኩ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቁንጫ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ሳትስቅ ሳህን ማንሳት መጀመሯን ያየችው፣ ግን ለምን እንደሆነ ያልጠየቀችው፣ ያን ቀን ነው።

የሳሙናው ነገር የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንድ የሳሙና ፋብሪካ አክስቷን ለማስታወቂያ ፎቶ አነሳት፤ የፖስተሩም ሥራ ወደ አባቷ ማተሚያ ቤት መጣ። የፋብሪካው ሰው «ትንሽ ፈካ ትበል፣ ሳሙና እኮ ነው» ብሎ አዘዘ። አባቷ በዚያ ሳምንት ሥራ ተደራርቦበት ነበርና ወንበሩን ለቁንጫ ለቀቀላት። የሰው ፊት ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነው። ምላሷን ነክሳ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አንገቱን በየተራ ፈካ አደረገችው፤ ከአገጩ ሥር ያለው ጥላ እንዳይጠፋ እንኳ ተጠነቀቀች። አባቷ አይቶ «እጅሽ ቀለም ያውቃል» አላት። አባቷ ሙገሳ የሚያበዛ ሰው አይደለም። ያንን ቃል ሳምንት ሙሉ ይዛው ዞረች።

ቅዳሜ አክስቷ እንደ ልማዷ ሻይ ልትጠጣ ስትመጣ ቁንጫ ናሙናዋን ከሽቦው ነቅላ ሮጣ ሰጠቻት። እንድታደንቅላት ነበር። አክስቷ በሩ ላይ ወጥታ በፀሐይ አየቻት። ከዚያ የሸሚዟን እጅጌ ሰብስባ ራቁት ክንዷን ከናሙናዋ ጎን አስቀመጠች፤ ደንበኞች ቁራጭ ጨርቅ ይዘው መጥተው ቀለሙን እንደሚያመሳስሉት።

«ቁንጫዬ» አለች። «ይቺን ሴትዮ እኔንም አስተዋውቂኛ።»

ቁንጫ ሳቀች። አባቷም ሳቀ። አክስቷ ግን ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች፤ እጅጌዋንም አልመለሰችውም። አራት ቅዳሜ ሙሉ ሥራ በዝቶብኛል እያለች ቀረች። በአምስተኛው መጣች፣ እንደ ድሮው ቀለደች፣ ነገሩን ማንም አላነሳውም። ፖስተሩ ግን አውቶቡስ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ዓመት ከመንፈቅ ተለጥፎ ቆየ። ቁንጫ ትምህርት ቤት ስትሄድ በየቀኑ ታየዋለች። አክስቷም ወደ ጣቢያው ስትሄድ በዚያው ነበር የምታልፈው።

ባለፈው ወር አክስቷ ሆስፒታል ስትተኛ ቁንጫ ይቅርታዋን ይዛ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በሥራ ባልደረቦች ተሞልቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን አክስቷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ መርፌ የተሰካበት ክንዷ ከብርድ ልብሱ ውጪ ነው። እንዳትቀሰቅሳት ብላ ቃሉን መልሳ ይዛው መጣች። ሦስተኛ ቀን አልነበረም። ቃሉ አሁንም እሷው ጋ ነው፤ የምትቀበለው ሰው ግን የለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓደኛዋ መጣች። ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ነው የሚሏት፤ ዘግቶ የሚያጠፋት አልተገኘም። የሦስት ቀን የትምህርት ማስታወሻ ይዛላት መጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ ስልኳን አወጣች። ሰው ስለ አክስቷ የሚጽፈውን እንዳታነብ አጥብቃ መከረቻትና ራሷ ታነብላት ጀመር።

አንዱ «ጥቁር እንቁ» ብሏታል። ሌላው «ነጭ ብትሆንም ልቧ የኛ ነበር» ይላል፤ ይሄኛው የሚያለቅስ ፊት ጨምሮበታል። የመሐንዲሱ አገር የዜና ገጽ «ጥቁር ጋዜጠኛ አረፈች» ብሎ ጽፏል፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ሰው «ግማሿ የኛ ነው» ብሎ መልስ ሰጥቷል። አክስቷን የማያውቁ፣ እርስ በርሳቸውም የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች የትኛው ግማሽ እንደሚበልጥ ሲከራከሩ አንድ መቶ ሃምሳ መልስ አልፈዋል።

«ሰው ግን ሙድ የለውም እኮ» አለች ሬዲዮ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነት ልጠይቅሽ፣ በናትሽ እንዳትቀየሚኝ። ለመሆኑ ምን ነበረች?»

«አክስቴ» አለች ቁንጫ።

ሬዲዮ ስልኳን አጠፋችው። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የቁንጫን ትከሻ ነካ አድርጋ ሄደች።

ቁንጫ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ፋይሉን ቀዳችና በቅጂው ላይ መሥራት ጀመረች። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አንገቱን፣ በየተራ፤ ልክ እንደያኔው፣ አቅጣጫው ብቻ ተገላቢጦሽ። እጇ አልረሳም። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ናሙናዋን አትማ በሩ ላይ ወጣች።

ጥሩ ሥራ ነበር። ያስጠላትም ጥራቱ ነው። ናሙናዋ ላይ ያለችው ሴት የጎረቤት አክስት፣ የአስተማሪ እህት፣ የማንም ሰው ዘመድ ልትሆን ትችላለች። ነገ አዳራሹ ውስጥ ማንም አያጉረመርምባትም። ቁንጫ ከልማድ የተነሳ የምታመሳስልበትን ነገር በዓይኗ ፈለገች። መጋረጃ ሲሆን ቁራጩ አለ፣ የበር ቀለም ሲሆን ቆርቆሮው አለ። ይሄን የምታመሳስልበት ክንድ ግን ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ናሙናዋን እንዳታረጥባት ወደ ጎን ይዛ፣ አለቀሰች። የሚያልፉ ሰዎች አዩዋትና አለፉ።

ስትነሳ ወደ ውስጥ ገብታ ያልነካችውን የመጀመሪያውን ፎቶ አተመች። ከዚያ ወደ ሽቦው ሄዳ፣ ከታች ከተቀበሩት መካከል የሳሙናዋን ናሙና ነቀለች። ሦስቱንም ይዛ በጓሮ በር ከኋላ ወዳለው ቤታቸው ገባች።

ሳሎኑ ሊያጽናኑ በመጡ ሰዎች ሞልቷል። እናቷን ያገኘቻት መኝታ ቤት ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእህቷን የሥራ ኮት ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ቁንጫ ሰውዬው ያዘዘውን ነገረቻትና ናሙናዎቹን ጭኗ ላይ ደረደረችላት።

«የትኛዋ ናት እማዬ?»

እናቷ ጠቆር ያለችውን አንስታ በአውራ ጣቷ ጉንጯን ዳሰሰች።

«እኔን አትጠይቂኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔም ቀብቻታለሁ።»

ቁንጫ ምን እንደምትል አልገባትም።

«ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አራት። የሰፈር ልጆች ‹ነጭ፣ ነጭ› እያሉ እስከ በር ተከትለዋት እያለቀሰች ገባች። ምን ላድርግ? የድስቱን ጥቀርሻ ፍቄ በውኃ በጠበጥኩና ፊቷን፣ አንገቷን፣ እጇን፣ የሚታየውን ሁሉ ቀባኋት። ደስታዋን ብታይ! መስታወቱ ፊት ከጎኔ ቆማ ‹አሁን አንድ ነን› አለችኝ። አልታጠብም ብላ እንዲሁ ተኛች።» እናቷ ናሙናዋን መለሰችና እጆቿን ኮቱ ውስጥ ደበቀች። «ጠዋት ስንነሳ ትራሱ ጠቁሯል፣ እሷ ነጥታለች። ትራሱን አየችው፣ እጇን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ‹አልያዘም› አለችኝ። ይሄንኑ ብቻ። እኔ ወድጄያት ነው የቀባኋት፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎደላት ነገር እንዳለ አወቀች። የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ሳሎን ውስጥ ሰው አሳለ። ቁንጫ አልጋው ላይ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

«እኔም አንጥቻታለሁ» አለች። ለሁለት ዓመት ለማንም ያልነገረችው ነገር ስትናገረው ይህን ያህል አጭር ነበር። «ለሳሙናው። እኔ ነኝ የሠራሁት። አየችው እማዬ። ይቅርታም አላልኳትም።»

እናቷ ምንም ችግር የለውም አላለችም። ታውቃለች ወይም ይቅር ብላሻለች አላለችም። ኮቱን ዘርግታ የሁለታቸውም ጭን ላይ አለበሰችው፤ እንደዚያ ሆነው ሰው እስኪጠራት ድረስ ተቀመጡ።

ቁንጫ ወደ ማተሚያ ቤቱ ስትመለስ አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጠቆር ያደረገችውን ፋይል መረጠችና አጠፋችው። ኮምፒውተሩ መጥፋቱን አረጋግጪ አላት። አረጋገጠች።

አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ያያል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የሳሙና ናሙና አነሳ፣ ገልብጦ የፋብሪካውን ሰው ፊርማ አየ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ እንደሚችል፣ ጣቢያው ከአሥር ዓመት በላይ ደንበኛቸው እንደሆነ፣ ረጋ ብሎ ነገራት።

«ያኔ ማን እንደፈረመ ብቻ ነው ያየሁት» አለ ፊርማውን በጣቱ እየሸፈነ። «ክንዷን ስታስቀምጥ እኔም እኮ እዚሁ ነበርኩ።» ናሙናዋን ወደ ሽቦው አልመለሳትም። ኪሱ ከተታትና የባነሩን ጥቅል ሊያመጣ ወደ ኋላ ሄደ።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ በሰዓቱ መጣ። ቁንጫ ተነስታ አንዷን ናሙና፣ ከነእስክሪብቶው፣ በሁለት እጇ ሰጠችው።

ሰውዬው አየት አድርጎ «ይቺ እኮ ያመጣኋት ናት» አለ። «ሌላዋስ?»

«የለችም ጋሼ። አጠፋኋት።» አለች ቁንጫ። «እኔ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ቀይሬያታለሁ። አይታዋለች። ሁለተኛ አልቀይራትም።»

ሰውዬው ወደ አባቷ ዞረ። አባቷ ጥቅሉን ፕሪንተሩ ላይ እየገጠመ ነበር፤ ቀና ሳይል፣ ናሙናው እሱ ነው፣ በፀሐይ ይዩት አለ።

ሰውዬው በሩ ላይ ወጣ። የአመሻሹ ብርሃን በቀጥታ ያርፍበታል። ናሙናዋን አንዴ አቀረባት፣ አንዴ አራቃት፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀና እንደያዘው ቀረ። ቁንጫ የሚታያት ጀርባው ብቻ ነው፤ ይፈርም አይፈርም ከጀርባው ማንበብ አልቻለችም። ካልፈረመ ከተማው በማተሚያ ቤት የተሞላ ነው፤ ጠቆር የሚያደርግለት ሰው አያጣም። ይህንንም ታውቃለች።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና፣ ማውሱን ከፊቷ ገፋ አድርጋ፣ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ሳትነቃነቅ ጠበቀች።